ሽሮ ብቻ ይበላበት የነበረውን የወር መጨረሻ እንዴት እንዳስተካከልሁት
ደመወዝ ሊወጣ 10 ቀን ሲቀረው ምሳም እራትም ሽሮ ብቻ እየሆነብን ልጆቼ ገበታ መቅረብ ጠልተው ስለነበር፣ የአስቤዛ አገዛዜን ለወጥሁ። አሁን ደመወዝ በተቀበልሁ ዕለት ድፍን ምስርና ባቄላ በኪሎ ገዝቼ አስቀምጣለሁ፤ ጎመኑን ግን እንዳይጠወልግ በየ3 ቀኑ ከጉሊት በእስር እገዛለሁ። ባቄላውን ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ ጠዋት ውኃውን ደፍቼ ስቀቅለው ቶሎ ስለሚበስል ከሰል ይተርፈኛል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከቁሌቱ ነው፤ ሽንኩርቱን ውኃ ጠብ እያደረግሁ በደረቁ እስኪለሰልስ ካቁላላሁ በኋላ፣ ቀድሞ ከጠርሙሱ እንዲሁ የማንቆረቁረውን ዘይት በሾርባ ማንኪያ ለክቼ 2 ብቻ እጨምራለሁ። ሎሚ በምስሩ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ስለሚረዳ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ ጥቂት እጨምቅበታለሁ፤ ቡና ይህንኑ ስለሚቀንስ ከምግብ አርቄ አፈላለሁ። ሽሮውም አልቀረም፤ በሳምንት 2 ቀን ሲቀርብ ልጆቼ ራሳቸው ይጠይቁኛል።