ባይ (by) እና አንቲል (until) ለሚምታታባችሁ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ እና ባይ እና አንቲል አልለይላቸው ብሎ በጣም አስቸግሮኝ ነበር። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፣ በአማርኛ ሁለቱንም እስከ ነው የምንላቸው፣ እስከ አርብ አስገባ፣ እስከ አርብ ጠብቅ፣ ስለዚህ ሁለቱም ቦታ አንቲል ይከታሉ። ህጉን ስነግራቸው ይሸመድዱታል፣ መልመጃ ላይ ግን ያው ናቸው።

የሰራልኝ ምን መሰላችሁ፣ እስከን አውጥቶ ሳያልፍ የሚለውን መተካት። ከአርብ ሳያልፍ አስገባ ያስኬዳል አይደል? በቃ ባይ ነው፣ ሰብሚት ኢት ባይ ፍራይደይ። ከአርብ ሳያልፍ ጠብቅ ግን ጆሮ ላይ ይጎረብጣል፣ ምክንያቱም መጠበቁ እስከዛ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ዌይት አንቲል ፍራይደይ። አሉታ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እስከ እሁድ አልመጣም ስትሉ የሚቀጥለው አለመምጣቱ ነው፣ ስለዚህ አይ ዎንት ካም አንቲል ሰንደይ።



አሁን አንዷ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕን ባይ ናይን የሚል አይታ፣ ሱቁ እኮ እስከዛ ክፍት ሆኖ ነው የሚቆየው ብላ ራሷ ወደ አንቲል ቀየረችው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ!