ኮንሰርቱ ሲደምቅ ግራፉ ለምን ይሞታል?

የማወራው የኮንሰርትን ድምፅ መጠን እየለኩ በሲም ካርድ ወደ ሰርቨር ስለሚልኩ ሴንሰሮች ነው። ሲሙ ዳታ እንዳለውና ባትሪው ሙሉ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሰዉ ሲሞላ ዳታው ይጠፋል

ከሰዓት በኋላ፣ በድምፅ ሙከራው ጊዜ፣ ሁሉም ሴንሰር በየደቂቃው ይልካል። ማታ 2 ሰዓት ዋናው ዘፋኝ ሲወጣ ግራፉ ጭጭ ይላል።

ሴንሰሩን አትንኩት፣ ደህና ነው። መስቀል አደባባይን የሞላው ሰው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ሲልክ የእናንተ ሲምም እዚያው ወረፋ ውስጥ ነው። ሲግናሉ ሙሉ እያሳየ አንዲት መልእክት አታልፍም። እኔ ይህ ሳይገባኝ መሰላል ተሸክሜ በሚጨፍር ሕዝብ መሃል ሴንሰር የቀየርኩበት ማታ አለ። አዲሱም ጭጭ አለ። ረጅም አንቴና ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፤ አንቴና ወረፋ አያሳጥርም።

መፍትሄው፦ ሴንሰሩ የየደቂቃውን አማካይ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጻፍ፣ መንገድ ሲከፈት ይላክ። ጥሬ ድምፅ አትላኩ፤ ዳታ ይጨርሳል፣ የሰው ወሬም ይቀዳል። ድምፁን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ግን ቁጥሩን አሁኑኑ ይፈልጋል። ለእሱ ከሚክሰሩ አጠገብ ያለውን ሴንሰር በኬብል አገናኙት።

ልኬቱ የተወሰደበት ሰዓት አብሮ መሄድ አለበት! ርካሹ ቦርድ የራሱ ሰዓት የለውም፣ የዘገየውን ዳታ ሰርቨሩ በደረሰበት ሰዓት ይመዘግበዋል። አንድ ዝግጅት ማታ 4 ሰዓት አልቆ ሰው ቤቱ ገብቷል፤ የእኛ ሪፖርት ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 98 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይላል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወረቀቱን ይዘው መጡ። ምን ብዬ ላስረዳ? በዚያ ላይ ብዙ ሰርቨር በግሪንዊች ይቆጥራል፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። የእኛ ማታ 2 ለማሽኑ 17፡00 ነው። ሪፖርት ላይ «ማታ»፣ «ከሌሊቱ» ብላችሁ ጻፉ።

ደግሞ ባዶውን ቦታ በዜሮ አትሙሉ። ዜሮ ማለት ጸጥታ ነው፣ የጠፋ ዳታ ሌላ ነው። አማካዩን እንዲያወርድለት ብሎ ዜሮ እንዲሞላ የጠየቀኝ አዘጋጅ ነበር።

ሙዚቃ ሳይጀመር 70 ዴሲቤል ካሳየ

ንፋስ ነው። የማይኩ ስፖንጅ ወድቋል። ካልሲ የተጠለቀበት ማይክም አጋጥሞኛል። ካልሲ ስፖንጅ አይደለም።

በየጥቂት ደቂቃው የሚጠፋ ሴንሰር

ፓወር ባንኩ ነው። ሴንሰሩ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ስልክ የተነቀለ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ሌላ ባትሪ።

ሁለት ሴንሰር ጎን ለጎን ቢለያዩ

ከዝግጅቱ በፊትም በኋላም ካሊብሬተር፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ፣ ማይኩ ላይ ግጠሙ። 94 ዴሲቤል ሰጥቶት 91 የሚያነበውን አስተካክሉ።

የአማካዩ ቁጥር ዝቅ ካለ

ኤክሴል ላይ ዴሲቤል ደምሮ ያካፈለ ሰው አለ። ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም። ግማሽ ሰዓት 90፣ ግማሽ ሰዓት 70 ከሆነ አማካዩ 80 ሳይሆን 87 ነው።