የኬሚካል ውህዶችን ስም ሳያምታቱ ለመጥራት

ክሎራይድና ክሎሬት ለጆሮ ይቀራረባሉ። ግን ሶዲየም ክሎራይድ የወጥ ጨው ነው፤ ሶዲየም ክሎሬት ደግሞ አረም ማጥፊያ። ስለዚህ ስም ስታጠኑ ዓይናችሁ መጨረሻው ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ቻርጅ፣ ማለትም አተሙ ውህድ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙሌት (+ ወይም -)። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም፣ ፔሪዮዲክ ቴብሉን ግለጡ። ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉበት ግሩፕ +1፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉበት +2 ነው። በቀኝ በኩል እነ ክሎሪን -1፣ እነ ኦክስጅን -2 ይሆናሉ። አሉሚኒየም +3፣ ዚንክ +2፣ ሲልቨር +1 የሚሉትን ጨምሩበት።

ቀጥሎ ስሙ። ሜታሉ ይቀድማል፣ አይለወጥም። የኖንሜታሉ (ሜታል ያልሆነው) መጨረሻ «አይድ» ይሆናል፦ ኦክስጅን ኦክሳይድ፣ ሰልፈር ሰልፋይድ። ሁለት ክሎሪን አለ ብላችሁ «ካልሲየም ዳይክሎራይድ» እንዳትሉ! ካልሲየም +2 መሆኑ የታወቀ ነው፣ ካልሲየም ክሎራይድ ይበቃል። «ሞኖ»ና «ዳይ» የሚመጡት ሁለቱም ኖንሜታል ሲሆኑ ነው። እዚያ ቁጥሩ ካልተነገረ ጉድ ይፈላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለስላሳ ውስጥ የምንጠጣው ነው፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሰው ይገድላል።

እውነተኛው ሽምደዳ ያለው ከብዙ አተም የተሠሩት አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ላይ ነው። በስድስቱ ጀምሩ፦ አሞኒየም +1፣ ሃይድሮክሳይድ -1፣ ናይትሬት -1፣ ካርቦኔት -2፣ ሰልፌት -2፣ ፎስፌት -3። በትንሽ ካርድ አንድ ገጽ ስሙን፣ በጀርባው ፎርሙላውንና ቻርጁን አንድ ላይ ጻፉ። ቻርጁን ለብቻው አጠናዋለሁ ማለት አያዋጣም፣ ፈተና ላይ የሚጠፋው እሱ ነው።

«ኤት» ወደ «አይት» ሲቀየር አንድ ኦክስጅን ይቀነሳል፣ ቻርጁ ግን አይነካም። ሰልፌት 4 ኦክስጅን፣ ሰልፋይት 3። ናይትሬት 3፣ ናይትራይት 2። ክሎሪን ሰፋ ያለ ቤተሰብ አለው፦ ፐርክሎሬት 4፣ ክሎሬት 3፣ ክሎራይት 2፣ ሃይፖክሎራይት 1። የመጨረሻውን ቤታችሁ ታገኙታላችሁ፤ በረኪና በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው።

አይረንና ኮፐር ግን ቻርጃቸው አንድ ብቻ አይደለም። አይረን +2 ወይም +3፣ ኮፐር +1 ወይም +2 ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ በሮማውያን ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩን በግምት ሳይሆን በሒሳብ አውጡት። ለምሳሌ ፎርሙላው ሁለት አይረንና ሦስት ሰልፌት ይዟል እንበል። ሦስቱ ሰልፌት በድምሩ -6 ናቸው። ሁለቱ አይረኖች +6 ማምጣት አለባቸው፣ ለእያንዳንዱ +3 ይደርሳል። ስለዚህ ስሙ አይረን (III) ሰልፌት ነው። አንድ አይረንና አንድ ሰልፌት ቢሆንስ? እሱን እናንተ ሥሩት።