ለአሮጌ ፒካፕ አዲስ ካሶኒ እንዴት እንደሚሠራ

ሞተሩና ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ደህና ሆኖ ካሶኒው፣ ማለትም ከኋላ ያለው የጭነት ሳጥን፣ ብቻ በዝገት የተበላ አሮጌ ፒካፕ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች አይጠፋም። የክረምቱ ጭቃ በወለሉ መጋጠሚያ ውስጥ ተወትፎ ስለሚከርም ላሜራው ቀለሙ ሳይነካ ከውስጥ ይበሰብሳል። ብየዳና ላሜራ ማጠፊያ ያለው ጋራዥ ግን ምትኩን መሥራት ይችላል።

አሮጌው ካሶኒ ከመነሣቱ በፊት ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የነዳጅ መሙያው አንገት የሚወጣበትን ቦታ ለክተው ይመዝግቡ። ካሶኒው ከተነሣ በኋላ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ስንጥቅ እንዳለው ይመርምሩ፤ ስንጥቅ ከተገኘ ሳይጠገን ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አይገባም።

ብየዳው በሙሉ ከመኪናው ርቆ፣ ውኃ ልኩ በተጠበቀ ቦታ ላይ ይከናወን፤ ከነዳጅ ጋን አጠገብ መበየድ እሳት መጥራት ነው። በሻንሲው ላይ የሚያርፉትን ሁለት ቁመታም ቱቦላሬዎች (የብረት ቱቦዎች) አጋድመው፣ ተሻጋሪዎቹን በ40 ሳንቲሜትር ገደማ ልዩነት ይደርድሩ። በመጀመሪያ ማዕዘኖቹን በነጥብ ብቻ ያያይዙና ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለኩ። ፍሬሙ 200 በ150 ሳንቲሜትር ከሆነ ሁለቱም ሰያፎች 250 መሆን አለባቸው፤ ከተለያዩ ረጅሙን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ አንዱን ጎን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ እየተፈራረቁ ይበይዱ፤ ሙቀቱ ብረቱን ስቦ ያጣምመዋልና።

ብዙ ባለንብረቶች ወፍራም ላሜራ ይመርጣሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ያለ ጥቅም ክብደት መጨመር ነው፤ በዚሁ ስፋት ባለ 2 ሚሊሜትር ወለል 47 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ባለ 3ቱ ከ70 ኪሎ ያልፋል። ጥንካሬ የሚገኘው ወለሉን በማጠፊያ ቦይ ቦይ አድርጎ በማጠፍና ተሻጋሪዎቹን በማቀራረብ ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ የሚበየደውን ጠርዝ አስቀድመው ይፋቁ፤ ጭሱ ያሳምማል። ብረት መጨመር የሚገባው በጋቢናው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው፤ መኪናው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ የሚገፋው እርሱን ነውና።

የጎማው መከለያ ከፍታ የሚወሰነው ባሌስትራው (ከሻንሲው ሥር ያለው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) በጭነት እስከ መጨረሻው ሲወርድ ጎማው በሚደርስበት ልክ እንጂ ባዶ መኪና በማየት አይደለም።

ካሶኒውን በሻንሲው ላይ ፈጽሞ አይበይዱት። ሻንሲ በጎርባጣ መንገድ ላይ መጠማዘዙ የተፈጥሮ ሥራው ስለሆነ፣ የተበየደ ካሶኒ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ሻንሲውን ይሰነጥቃል። በመካከላቸው ወፍራም ጎማ አድርገው በነባሮቹ ቀዳዳዎች በቡሎን ይሰሩት፤ ከጋቢናውም 3 ሳንቲሜትር ያህል ያርቁት።

ከመጨረሻው ማሰር በፊት በወለሉ ዝቅተኛ ቦታዎች የውኃ መውረጃ ይብሱ፣ መጋጠሚያዎቹን በማሸጊያ ይድፈኑ፣ ቅባቱን አጥበው አንቲረስት (ዝገት መከላከያ)፣ ቀጥሎም ቀለም ይቀቡ፤ የታችኛው ገጽ እንዳይዘነጋ። ፍሬቻውንና የኋላ መብራቱን ይቀጥሉ። በካሶኒውና በሻንሲው መካከል ያለው ጎማ በጭነት ስለሚጨመቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ የቡሎኖቹን ዳዶዎች በሙሉ እንደገና ያጥብቁ።