የእንግሊዝኛን የቃላት ጨዋታ ጣዕም የሚያሳጡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ቀልዱን በዓይን ማንበብ ነው። አማርኛ በአብዛኛው እንደተጻፈ ስለሚነበብ የእኛ ሰው እንግሊዝኛም ሲያነብ ፊደሉን ያምናል። እንግሊዝኛ ግን አጻጻፋቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ በሆነ ቃላት የተሞላ ነው፤ ቀልደኞቹም እንጀራቸውን የሚበሉት በዚሁ ነው። ልጆች የሚጠያየቁት እንቆቅልሽ አለ፦ 6 ቁጥር 7ን ለምን ይፈራል? መልሱ «ሴቨን ኤይት ናይን» ነው። ወረቀት ላይ በቁጥር ቢጽፉት ተራ ቆጠራ ነው። ጮክ ብለው ሲሉት ግን «ኤይት» ስምንትም «በላ»ም ይሆናል፤ ለካ 7 ቁጥር 9ን በልቶታል! ያልገባዎትን ቀልድ መዝገበ ቃላት ከመግለጥዎ በፊት በድምፅ ያንብቡት።

የአነጋገር ልዩነትንም አይርሱ። ማባያው «ሶስ» እና ምንጭ የሚባለው «ሶርስ» በለንደን ሰው አፍ አንድ ናቸው፤ አብዛኛው አሜሪካዊ ግን «ር»ን ስለሚጠራት ይለያያሉ። አሜሪካ ያደገ ዘመድዎ በለንደኖች ቀልድ ሳይስቅ ቢቀር እንግሊዝኛ አነሰው ብለው አይፍረዱበት።

ሁለተኛው ስህተት ከቅኔ ፍቅር የሚመጣ ነው፤ ሁሉም ቦታ ወርቅ መቆፈር። በሰምና ወርቅ የሚፈለገው ከሰሙ ሥር ያለው ነው። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ትርጉሞች ላይ ላዩን እኩል ተቀምጠዋል። 7 ለምን 9ን እንደበላው መተንተን የጀመረ ሰው ድካሙ ለከንቱ ነው። መናቁም ቢሆን አያዋጣም። በሼክስፒር «ሮሚዮና ጁሊየት» ውስጥ ሜርኩሽዮ በሰይፍ ተወግቶ ሊሞት ሲል፣ ነገ ብትፈልጉኝ «ግሬቭ» ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ ይላል። «ግሬቭ» ኮስታራም ነው፣ መቃብርም ነው። ያ ቀልደኛ ኮስታራ የሚሆነው መቃብር ሲገባ ብቻ መሆኑ ነው። የትኛውም ባለቅኔ ቢሰማው የሚያፍርበት አይመስለኝም።

ሌላው ስፑነሪዝምን ከማላፕሮፒዝም ማምታታት ነው። በስፑነሪዝም የቃላት መነሻ ድምፆች ቦታ ይለዋወጣሉ። ከ1903 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርዱን ኒው ኮሌጅ የመሩት ዊሊያም ስፑነር፣ ተማሪያቸውን ከታሪክ ትምህርቴ ቀርተሃል ሲሉት «ሚስድ ማይ ሂስትሪ» በማለት ፈንታ «ሂስድ ማይ ሚስትሪ» ብለዋል ይባላል። «ሚ» እና «ሂ» ተለዋወጡና ነገሩ በምሥጢሬ ላይ እንደ እባብ አፏጨህ ሆኖ አረፈ። ብቻ እንደ እውነተኛ ታሪክ አያውሩት፤ በስማቸው ከሚነገሩት አብዛኞቹን የፈጠሩት ሌሎች ናቸው። በማላፕሮፒዝም ደግሞ ሙሉው ቃል በሚመስለው ቃል ይተካል። ጸሐፌ ተውኔቱ ሸሪዳን በ1775 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ባበቃው ተውኔት ሚስስ ማላፕሮፕ አንዲትን ልጅ «በናይል ዳር እንዳለ አለጎሪ ግትር ናት» ይሏታል፤ «አሊጌተር» ሊሉ ፈልገው «አለጎሪ»፣ ማለትም ተምሳሌት፣ አሉ። ቃሉን ባያሳስቱትም ኖሮ የዓባይ ልጅ አይምራቸውም ነበር፤ በዓባይ ያለው አዞ አሊጌተር የሚባለው ዝርያ አይደለም።

ፈሊጥን መነካካትም ጨዋታውን ይገድለዋል። «ኪክ ዘ በኬት»፣ ባልዲውን መታ፣ ሞተ ማለት ነው። «ባልዲው ተመታ» ካሉ ግን የሞተ ሰው የለም፤ ባልዲ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ቀልድ ተናግረው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ፊታቸውን አጨማደው «ኧኧ» እያሉ ቢያቃስቱ አይደንግጡ። ለእንዲህ ያለው ጨዋታ የሚሰጠው ጭብጨባ እሱ ነው። ያኔ ማስረዳት አይጀምሩ፤ ገብቷቸዋል።