የፈራ ሰው የጻፈውን ማንበብ፦ ሻንጋይ፣ 1925

በ1920ዎቹ ቻይና የነበሩ የእንግሊዝ ቆንስሎችና ጋዜጠኞች የጻፉትን ማንበብ የጀመረ ሰው ቶሎ ይሸወዳል። ቋንቋው ረጋ ያለ ነው፣ ቀንና ሰዓት አለው፣ እማኝም ይጠቅሳል። ግን የፈራ ሰው ጽሑፍ ነው። እኔ እንዴት እንደማነበው ላሳያችሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወደኋላ ሂዱ። ዘገባው ሜይ 30 ላይ «ሕዝቡ ተነሳ» ብሎ ከጀመረ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ሳምንታት ፈልጉ። ሜይ 15 ሻንጋይ ውስጥ፣ በአንድ የጃፓኖች ጥጥ ፋብሪካ፣ ጉ ዠንግሆንግ የሚባል የ20 ዓመት ሠራተኛ በጥይት ተመታ፤ በቁስሉም ሞተ። ተማሪዎች በእሱ ተቆጥተው አደባባይ ወጡ፣ ታሰሩ። ሜይ 30 ደግሞ ናንኪንግ ጎዳና አጠገብ ካለው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የታሰሩት ይፈቱ የሚል ሕዝብ ተሰበሰበ። ኤቨርሰን የተባለው እንግሊዛዊ ኢንስፔክተር አስጠነቀቀና ከ10 ሰከንድ ያህል በኋላ ተኩሱ አለ። 44 ጥይት ተተኮሰ። ቢያንስ 9 ሰው ሞተ። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ጫጫታ መሀል ከኋላ የሚገፋ ሰው እያለ፣ ፊት የቆመው ልጅ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሰምቶና ዞሮ በየት በኩል ይውጣ?

ቀጥሎ «ቀስቃሾች»፣ «ቦልሼቪኮች» (የሩሲያ ኮሚኒስቶች) የሚሉትን ቃላት አስምሩባቸው። ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም፤ ከሞስኮ የተላከው ቦሮዲን ከ1923 ጀምሮ ካንቶን (የዛሬዋ ጓንግዡ) ላይ የቻይና ብሔርተኞች ፓርቲ አማካሪ ነበር፣ ኮሚኒስቶቹም አድማ ሲያደራጁ ነበር። ግን በ1925 አድማ መትቶ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ሆንግ ኮንግን ጥሎ የወጣውን ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው በሞስኮ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሰው ቤቱንና እንጀራውን ጥሎ የሚሄደው የራሱ ብሶት ሲኖረው ነው።

«ሥርዓት ይከበር» የሚል ስታገኙ ጠርዙ ላይ «የማን ሥርዓት?» ብላችሁ ጻፉ። ሻንጋይ ውስጥ የውጭ ዜጎች በሚያስተዳድሩት ዓለም አቀፍ ሰፈር ከ800 ሺህ በላይ ቻይናውያን ይኖሩ ነበር፣ የውጭ ሰው 30 ሺህ ገደማ። ቻይናውያኑ ግብር ይከፍላሉ፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ግን እስከ 1928 አንድ ወንበር አልነበራቸውም።

ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለውን በአንድ ወገን ወረቀት አትወስኑ። ጁን 23 ካንቶን ላይ በቻይናውያን ሰልፈኞችና በእንግሊዝና በፈረንሳይ ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ፤ ሁለቱም ወገኖች «እነሱ ጀመሩ» ይላሉ። እኔ እዚህ ጋ ሟቾቹን እቆጥራለሁ፦ ከ50 በላይ ቻይናውያን፣ አንድ ፈረንሳዊ።

ፋይሉን ደግሞ እስከ ዲሴምበር ግለጡት፣ ብዙ አንባቢ ጁን ላይ ያቆማል። ኤቨርሰንና የፖሊስ አዛዡ ሥራ ለቀቁ። ምክር ቤቱም ለሟቾች ቤተሰብ የ75 ሺህ ዶላር ቼክ ላከ። ቼኩ ተመለሰ።