ጥሩ ጫማ እንዲቆይ፦ ከቀለሙ በፊት ላቡ

የቆዳ ጫማ ይያዝ ሲባል ብዙ ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ቀለሙ ቆርቆሮ ነው። ጫማን ቀድሞ የሚጎዳው ግን የመንገዱ አቧራ ሳይሆን የእግር ላብ ነው። ላቡ ገበሩንና የውስጥ ሶሉን ያረጥባል፤ ሳይደርቅ በማግስቱ እንደገና ከተደረገ ቆዳው እንደራሰ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፤ የላቡ ጨው ደግሞ እየተጠራቀመ ገበሩን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አንድን ጫማ ሁለት ቀን አታከታትሉ፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይረፍ። ሁለት ጫማ እያፈራረቀ የሚያደርግ ሰው፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከሚጀምረው ይልቅ ሁለቱም ይቆዩለታል።

ጫማው እንደወለቀ፣ ሙቀቱ ሳይወጣለት፣ በእግር ቅርጽ የተሠራ የእንጨት ፎርማ አስገቡበት። እንጨቱ ቫርኒሽ ያልተቀባ ይሁን፤ የተቀባው ቅርጽ ይይዛል እንጂ እርጥበት አይጠጣም። ልኩም ጫማውን የሚሞላ እንጂ የሚወጥር መሆን የለበትም። ፎርማ ከሌለ ተጨማድዶ የተጠቀጠቀ ወረቀት ከምንም ይሻላል።

ክሩን ሳይፈቱ እግርን መክተት፣ ወይም በአንዱ ጫማ አፍንጫ የሌላውን ተረከዝ እየገፉ ማውለቅ መጥፎ ልማድ ነው። ተረከዝን በሚያቅፈው በኩል፣ በቆዳውና በገበሩ መካከል ጠንካራ ድጋፍ ተቀብሯል። እሱ ከተሰበረ ጫማው በየእርምጃው ከተረከዝ እየሾለከ ያስቸግራል፤ ጥገናውም ቀላል አይደለም። ክሩን ፈትቶ በጫማ ማንኪያ መግባት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ክሬምና ሰም አንድ አይደሉም። ክሬም ዘይትና ቀለም ይዞ ወደ ቆዳው ይሰርጋል፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው ደረቅ ሰም ላዩ ላይ ቀርቶ ያብለጨልጫል፣ ውሃም በመጠኑ ይመልሳል። ሰም ብቻ ሲደራረብበት የኖረ ጫማ እንደ መስታወት እያበራ ከሥሩ ይደርቃል። ክሬም መፈለጉን ለማወቅ ጎኑ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ ገና ነው፤ ወዲያው ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ቆዳው ተጠምቷል።

ሲቀባ ክሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ካልወጣ ምላሱ ላይ ያለው አቧራ አይነካም። በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ ቆዳው ከሶሉ የሚገናኝበትን ስፌት ደግሞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዙሩት። እዚያ የተሸጎጠ አሸዋ በተራመዳችሁ ቁጥር የስፌቱን ክር እንደ ሞረድ ይበላዋል። በረጠበ (በራሰ አላልንም) ጨርቅ ጥረጉና ይድረቅ። ከዚያ ለአንድ እግር የአተር ፍሬ የምታህል ክሬም ብቻ፣ በጣት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ጨርቅ፣ በትንንሽ ክብ እያዞራችሁ ቀቡ። ከተረከዙ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ንክኪ ብዙ ቀለም ስለሚተው አፍንጫው ላይ ካረፈ ጎልቶ ይታያል። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ በፈረስ ፀጉር ብሩሽ ፈጠን፣ ቀለል እያደረጋችሁ ቦርሹት። ሁለት ስስ ንብር ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ሰም ከፈለጋችሁ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ብቻ፤ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ከተቀባ ተሰባብሮ መስመር መስመር ይሠራል። ለጥቁር ያገለገለ ብሩሽ ቡናማ ጫማ አይንካ። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚደረግ ጫማ ክሬም በወር አንዴ ይበቃል፤ ደረቁ ብሩሽ ግን ከእያንዳንዱ ውሎ በኋላ።

ስፖንጅ አፉ ላይ ያለውን ፈሳሽ ቀለም ለጥሩ ቆዳ አንመክርም። በአንድ ደቂቃ የሚያብረቀርቀው ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው፤ ያ ሽፋን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩም ክሬም አያስገባም። የምግብ ዘይትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ውሎ አድሮም ይሸታል።

ዝናብ የመታው ጫማ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በውሃው ሳይሆን በማድረቂያው ነው። የራሰ ቆዳ ሙቀትን የሚችለው ከደረቀው በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይኮማተርና ይጠጥራል፤ የተለጠፈ ሶልም ማስቲሹ ሊለቅ ይችላል። ጭቃውን ጠርጋችሁ በወረቀት ሙሉት፤ መጀመሪያ ላይ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ወረቀቱን ቀይሩ። ሶሉም አየር እንዲያገኝ በጎኑ አጋድማችሁ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ከታየ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ ቦታውን ብቻ ካረጠባችሁ ግን አዲስ መስመር ስለሚፈጠር ያንን የጫማውን ክፍል በሙሉ እኩል አስነኩት። ክሬሙ ከዚያ በኋላ ነው።

ሱዌድ (ላዩ ለስላሳ ፀጉር ያለው ቆዳ) ክሬምም ሰምም አይወድም። ከደረቀ በኋላ ፀጉሩን በጎማ ብሩሽ ማንሳት፣ ትንሽ ቆሻሻ በእርሳስ ላጲስ ማሸት፣ ውሃ የሚከላከል ስፕሬይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ደጅ ላይ መንፋት ይበቃዋል።

ጫማውን አልፎ አልፎ ገልብጡት። የታኮው ጎማ ተበልቶ ከሥሩ ያለው ቆዳ መሬት ከመንካቱ በፊት ይቀየር፤ ከነካ ጎማ ብቻ ሳይሆን ታኮውን እንደገና መሥራት ይመጣል፣ አረማመድም ያዛባል። የቆዳ ሶል ከሆነ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ለስልሶ ከሰረጎደ ጊዜው ደርሷል። ቀዳዳ እስኪወጣ ከተጠበቀ ውሃው ወደ ውስጠኛው ሶል ይገባል። የተሰፋ ሶል ተፈትቶ ሊቀየር ይችላል፤ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው ብዙ ጊዜ አያስተማምንም።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ጫማ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ፎርማ ገብቶበት በጨርቅ ከረጢት ይሁን። ፕላስቲክ እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያመጣል። የሶሉን ዓይነትም እዩ፦ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ቀላል ሶል ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ብቻ ከዓመታት በኋላ እየተፈረፈረ ይወድቃል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይደረግ። እንዲህ ያለውን ለክት ብላችሁ ካርቶን ውስጥ አታቆዩት።